ያልተነሣው ቻይናታውን፦ የምናብ ንድፍ ለማን ይጠቅማል?

የዋሽንግተን ዲሲው ቻይናታውን ዛሬ ከስሙ ሌላ ብዙ የቀረው ነገር የለም። ሰዎቹ ባይፈናቀሉ ኖሮ ሰፈሩ ምን ይመስል ነበር ብሎ፣ ያንን ያልሆነ ታሪክ እንደ እውነት መንደፍ (ስፔኩሌቲቭ ዲዛይን የሚሉት) ለማንም ይጠቅማል ወይ? ሁለት የዲሲ አካባቢ ነዋሪዎች በጽሑፍ ተከራክረዋል። አንዷ የከተማ ዲዛይነር ናት። ሌላው የሬስቶራንት ባለቤት ናቸው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዲዛይነሯ

ከሜትሮው ወጥታችሁ ኤች ስትሪት ላይ ስትቆሙ መጀመሪያ የምታዩት ቅስቱን፣ ከመንገዱ በላይ የቆመውን የቻይና ዓይነት በር፣ ነው። በ1986 ነው የቆመው። 7 ጣሪያ አለው፣ 272 ዘንዶ ተስሎበታል፣ አንድ ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። ዞር ስትሉ የአሜሪካ ሱቆች ስማቸውን በቻይንኛ ፊደል ጽፈው ታገኟቸዋላችሁ። ቻይናዊ ግን ፈልጋችሁ ነው የምታገኙት። የቀሩት 300 ገደማ ናቸው ይባላል። አብዛኞቹም ዋ ላክ ሀውስ በሚባል አንድ ሕንጻ ውስጥ የሚኖሩ አዛውንቶች ናቸው።

ይሄ ደግሞ ሁለተኛው ሰፈራቸው ነው። የመጀመሪያው ፔንስልቬንያ አቬኑ አካባቢ ነበር። መንግሥት ለሕንጻዎቹ ቦታውን ሲፈልገው አነሣቸው። በ1931 ኦን ሊዮንግ የሚባለው የነጋዴዎች ማኅበር ኤች ስትሪት ላይ ቦታ አገኘላቸው። እዚያም ቢሆን ኮንቬንሽን ሴንተሩ፣ ትልቁ የስብሰባ አዳራሽ፣ መጣባቸው። በ1997 ደግሞ አሬናው፣ ዛሬ ካፒታል ዋን የሚባለው የስፖርት አዳራሽ፣ መሐላቸው ላይ ተተከለ።

እኔ የቀየርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ቻይናዎች ሁዪ የሚሉት ነገር አላቸው፤ የኛው እቁብ ነው ማለት ይቻላል። በእኔ ታሪክ በ1931 የሁዪው ገንዘብ በየተራ ለግለሰብ ከመውጣት ይልቅ በማኅበሩ ስም ሕንጻ ይገዛል። መሬቱ አይሸጥም የሚል ውል ይጻፋል። ከዚያ የዚያን ዓለም ዕቃዎች እሠራለሁ። የሁዪው መዝገብ፣ የዘንድሮ የኪራይ ደረሰኝ፣ ሌላ የሜትሮ ካርታ፣ የአሬናው ባለቤት «እባካችሁ ቦታ አከራዩኝ» ብሎ ለማኅበሩ የጻፈው ደብዳቤ። ሰው ደረሰኙን በእጁ ሲይዘው፣ ዛሬ ያለው ሰፈር የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን የሰው ውሳኔ መሆኑ ይገባዋል።

በእኔ ከተማ ቅስት የለም። ሰው ያለበት ሰፈር ስሙን በር ላይ አይለጥፍም። እንዲያውም ቅስቱ ባይሠራ ኖሮ ሰፈሩ ዛሬም ይኖር ነበር።

ባለ ሬስቶራንቱ

«ቅስቱ ባይሠራ ኖሮ ሰፈሩ ዛሬም ይኖር ነበር።» ደግሜ አነበብኩት። እህቴ፣ ቅስት ኪራይ አይጨምርም። ቅስት ማንንም ከቤቱ አያስወጣም። በ1986 ሲቆም እኮ ሰዉ ነቅሎ ሜሪላንድ ገብቶ ነበር። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገድሎ ከተማው ሲቃጠል የፈራው ወጣ። የቀሩት ልጆቻቸውን አስተማሩ፣ ልጆቹ ግቢ ያለው ቤትና ጥሩ ትምህርት ቤት ፈለጉ፣ እዚያው ሜሪላንድ፣ ሮክቪል ሄዱ። ይሄ ታዲያ ሙሾ የሚወረድበት ነገር ነው? አባት ሌሊቱን ሙሉ ሸሚዝ እየተኮሰ ያሳደገው ልጅ ዶክተር ሆኖ እዚያው ላውንደሪ ላይ እንዲኖር ነው የምትፈልጊው?

ታሪክ መቀየር ካማረሽ ደግሞ ለምን 1931 ላይ ትቆሚያለሽ? 1882ን ቀይሪያ! ያኔ ነው ኮንግረስ የቻይና ሠራተኛ አይግባ ብሎ የደነገገው። እስከ 1943 ድረስ ከቻይና የመጣ ሰው የአሜሪካ ዜጋ መሆን አይችልም ነበር። ሲፈቀድም በዓመት 105 ሰው ብቻ ይግባ ተባለ። ብዙዎቹ ሚስት ማምጣት ያልቻሉ ብቸኛ ወንዶች ነበሩ። ወንዶች ብቻ የሚኖሩበት ሰፈር ልጅ ከየት ያመጣል? ይሄን ሁሉ ዘለሽ ደረሰኝ ትሥያለሽ።

ደረሰኙስ የት ነው የሚታየው? ጋለሪ ውስጥ። ሰዎች ወይን ይዘው ቆመው «ዋው» ይላሉ። ከዚያ ኡበር ጠርተው ይሄዳሉ። የዋ ላክ ሀውሷ አሮጊት ከዚህ ምን አገኘች? የእውነት ቤቷ አሳንሰሩ ቢሠራላት ትመርጣለች። እኔ ሥዕል አልጠላም። ግን ሠላሳ ዓመት እንጀራ የሸጥኩበት ከተማ ስለሆነ፣ ቅስት ገደለው ሲባል ዝም ማለት ከበደኝ።

ዲዛይነሯ

ጋሼ፣ ቅስቱ ሰው አስወጣ አላልኩም። ቅስቱ ሰው ሲወጣ ሰፈሩ ያለ እንዲመስል አደረገ ነው ያልኩት። ከተማው ከቤጂንግ ጋር ሆኖ ነው የሠራው። በሰፈሩ ከነበሩት ውስጥ ታይዋንን የሚደግፉት ተቃውመውትም ነበር። ሰዎቹ ቤት ሲፈልጉ በር ተሠራላቸው። ቅስቱንና ዋ ላክ ሀውስን የነደፈው አንድ አርክቴክት ነው፣ አልፍሬድ ሊዩ። ከሁለቱ ዛሬ ሰው ያቆየው የትኛው ነው? በ1982 የተሠራው ቤቱ። የቱሪስቱ ፎቶ ላይ የሚወጣውስ? ቅስቱ።

ዜጋ መሆን አይችሉም ነበር ላሉት መልስ አለኝ። እዚህ የተወለደ ልጅ ዜጋ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1898 በዎንግ ኪም አርክ ጉዳይ ወስኗል። ካሊፎርኒያ ውስጥ እስያውያን መሬት እንዳይገዙ ሲከለከሉ በልጆቻቸው ስም የገዙ አሉ። የማይሆን ነገር አልሣልኩም። ሊሆን ይችል የነበረውን ነው የሣልኩት፤ ሥራው እንዲህ ነው።

ደግሞ ምናብ ለጋለሪ ብቻ ነው ያለው ማነው? በ2023 መጨረሻ የአሬናው ባለቤት የስፖርት ቡድኖቼን ቨርጂኒያ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ እወስዳለሁ ሲል ያ የማይነቃነቅ የመሰለው ሕንጻ ድንገት ሊነሣ ሆነ። ለጥቂት ወራት ከተማው ሁሉ ስለ ሌላ ዓይነት ቻይናታውን ማሰብ ጀመረ። ከዚያ በ2024 ከተማው ለዕድሳት 515 ሚሊዮን ዶላር ሰጠውና ቀረ፣ ማሰቡም አብሮ ቀረ። የፊላደልፊያ ቻይናታውን ደግሞ በ2000 ሊሠራበት የታሰበ የቤዝቦል ስታዲየም መልሷል። በ2022 የቅርጫት ኳስ አሬና ሲታቀድበት እንደገና ታገለ። ምክር ቤቱ አጽድቆት እንኳ ቡድኑ በ2025 መጀመሪያ ላይ ሐሳቡን ትቶ ሄደ። አሬና የሌለበት ሰፈር በዓይነ ሕሊናው የማይታየው ሰው እንዲህ አይታገልም።

«ግቢ ያለው ቤት ፈለጉ» የሚለውን ግን ማለፍ አልችልም። የተፈናቀለ ሰው ሁሉ ኋላ ላይ እንደዚህ ነው የሚባለው። ፈልጎ ሄደ።

ባለ ሬስቶራንቱ

አላልኩም ትያለሽ? ጽሑፍሽ እላይ አለ። «ቅስቱ ባይሠራ ኖሮ ሰፈሩ ዛሬም ይኖር ነበር።» አሁን ደግሞ ቅስቱ «ያለ እንዲመስል አደረገ» ሆነ። ነገ «ቅስቱ ትንሽ ቀለሙ ደማቅ ነው» ላይ እንደርሳለን።

ፊላደልፊያዎች ደረሰኝ አልሣሉም። መንገድ ላይ ወጥተው ጮኹ፣ ምክር ቤት ገብተው ተሟገቱ፣ ዓመት ከዓመት ሳይሰለቹ ስብሰባ ተቀመጡ። የነሱን ላብ ለዲዛይን አትስጪ። ከ2000ው ትግል መሪዎች አንዳንዶቹ በኋላ ትምህርት ቤት ከፍተዋል፤ ልጆች የሚማሩበት፣ ደወል ያለው ትምህርት ቤት።

ማኅበሩ ሕንጻ ቢገዛ ለሚለውም፣ ኤች ስትሪት ላይ የራሳቸው ሕንጻ የነበራቸው ቻይናውያን ቤተሰቦች እኮ ነበሩ። አሬናው መጥቶ ዋጋው ሲንር የሸጡ አሉ። ማን ይፈርድባቸዋል? የአንቺ ውል «አይሸጥም» ይላል። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ሦስተኛው ትውልድ ፍሎሪዳ ተቀምጦ ድርሻዬን ስጡኝ ሲል ምን ይደረጋል? በሥዕልሽ ውስጥ ወንድማማች አይጣላም መሰለኝ።

ቅስቱን ስትንቂው የሚያመኝ ደግሞ ይሄ ነው። እኛ እሱንም አላገኘንም። ናይንዝ ስትሪት ላይ፣ ዩ ስትሪት ጥግ፣ ከዳር እስከ ዳር ሐበሻ በነበረ ጊዜ «ሊትል ኢትዮጵያ» ይባል ብለን ለምነናል። ጥቁር አሜሪካውያኑ ይሄ የኛ የታሪክ ሰፈር ነው፣ የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት ነው አሉ። እውነታቸውን ነው፣ አልፈርድም። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ላይ በ2002 አግኝተዋል። እኛ አላገኘንም። ዛሬ እዚያ ሄደሽ ስንት የኛ ቤት እንደቀረ ቁጠሪ። ስሙ ቢኖር ኖሮ፣ አንድ ሰሌዳ እንኳ ቢሰቀል ኖሮ፣ እዚህ ነበርን የሚል ነገር ይቀር ነበር። እኔም ዛሬ ከከተማው ወጥቼ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ አልጽፍልሽም ነበር።

ዲዛይነሯ

አሁን ገባኝ ቅስቱ ለምን እንዳንገበገበዎት።

ጋሼ፣ የመጨረሻውን አንቀጽዎን እስቲ መልሰው ያንብቡት። «ስሙ ቢኖር ኖሮ»፣ «ሰሌዳ ቢሰቀል ኖሮ»፣ «አልጽፍልሽም ነበር»። ይሄ ምንድን ነው? ሁለት ዙር ሙሉ ሲያላግጡበት የነበረው ሥራ ነው። እርስዎም ያልሆነ ታሪክ እየነደፉ ነው፤ ልዩነታችን እርስዎ ሰሌዳ ሰቀሉ፣ እኔ የባለቤትነት ወረቀት ጻፍኩ።

ሰሌዳ ስለማያድን ማስረጃው ደግሞ ቻይናታውን ነው። ሰሌዳ አለው፣ ቅስት አለው፣ የሜትሮ ጣቢያው ላይ ሳይቀር ስሙ ተጽፏል። ሰው የለውም።

እና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሄዱት ግቢ ያለው ቤት ፈልገው ነው? ሐበሻው በመጀመሪያ አዳምስ ሞርጋን፣ ኤይቲንዝ ስትሪት ላይ ነበር። ከዚያ ወደ ዩ ስትሪት ወረደ። ከዚያ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ። ሁሌ ልጆቻችን ዶክተር ስለሆኑ ነው?

ባለ ሬስቶራንቱ

የእኔን ኪራይ እዚህ ውስጥ ባታስገቢው ጥሩ ነበር። ስለ ቻይና ሰፈር ነው የተጠየቅነው።

ካነሣሽው ግን ልንገርሽ። አይ፣ ግቢ ፈልጌ አይደለም። ውሌ ሲያልቅ አከራዬ የጠራውን ቁጥር ስሰማ የሳቅኩት ቀልድ መስሎኝ ነው። ያው ወጣሁ። ግን እዚያ ከመድረሱ በፊት፣ ሰፈሩ ገና በኛ እጅ እያለ፣ በእቁብ አንድ ሕንጻ አብረን እንግዛ ብዬ ሰው የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። ይሄን ከዲዛይን ትምህርት ቤት አልተማርኩትም። ሁለት ስብሰባ ሞቅ ብሎ ሄደ፣ ክትፎውም ተበላ። ሦስተኛው ላይ በማን ስም ይሁን የሚል ጥያቄ መጣ። አንዱ በኔ አለ፣ ሌላው ጠበቃ እናምጣ አለ፣ ሌላው የአገር ቤት ፖለቲካ አነሣ። በዓመቱ ሁሉም የየራሱን ቤት ቨርጂኒያ ገዛ፤ አንዳንዶቹ ለምርቃት እኔኑ ምግብ አዘዙኝ።

ስለዚህ እኔ ስለ ሥዕልሽ ስናገር ሥዕል ስለማላውቅ አይደለም። አንቺ በአንድ መስመር «ሁዪው ሕንጻ ይገዛል» ብለሽ ያለፍሽው ነገር ውስጥ እኔ ተቀምጬ ወጥቻለሁ። የሚቸግረው ደረሰኙ አይደለም። በማን ስም የሚለው ነው። እሱን ንደፊልኝና ያን ጊዜ ጋለሪሽ ድረስ እመጣለሁ፣ ወይኑንም እጠጣለሁ።

ቅስቱ ላይ ግን አልመለስም። ቅስት ሰው አያፈናቅልም።

ዲዛይነሯ

ይሄን ከመጀመሪያው ቢነግሩኝ ኖሮ ሁለት ዙር ስለ ቅስት ባልጻፍኩ። መሬቱን ለማኅበር፣ ቤቱን ለነዋሪው የሚያደርግ አሠራር አለ፤ የቦስተን ቻይናታውን ሰዎች በ2015 እንዲህ ዓይነት የመሬት ማኅበር አቋቁመዋል። «በማን ስም» ለሚለው የነሱ መልስ በማንም ስም አይደለም የሚል ነው። የፍሎሪዳው የልጅ ልጅ ድርሻ የለውም፣ የሚሸጠውም የለውም።

የዚያ ሦስተኛ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ግን አለ? ማን ምን እንዳለ የተጻፈበት? ሣጥን ውስጥ ከሆነም እመጣለሁ።

ባለ ሬስቶራንቱ

አለ። ለኤግዚቢሽን አልሰጥም። መጥተሽ ሬስቶራንቱ ውስጥ ማንበብ ትችያለሽ፣ ሰኞ ዝግ ነን።