መንፈሱን «ማነህ?» ከማለት አስቀድሞ

በምኖርበት በጀርመን፣ በማይን ወንዝ ዳር በምትገኘው ክሊንገንበርግ፣ አኔሊዜ ሚሸል የተባለች የ23 ዓመት ተማሪ እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1976 አረፈች። ሐኪሞች የሚጥል በሽታ እንዳለባት ቀደም ብለው ነግረዋት ነበር። ቤተሰቧ ግን አጋንንት እንደያዟት ስላመነ፣ ሁለት ካህናት ከጳጳሳቸው ፈቃድ ተቀብለው በአሥር ወራት ውስጥ 67 ጊዜ አጋንንት የማስወጣት ጸሎት አደረሱላት። ስትሞት ክብደቷ 31 ኪሎ ገደማ ነበር፤ የገደላትም የምግብና የውኃ እጦት ነው።

በልጅነቴ ከእናቴ ጋር ጸበል ስንወርድ አጥማቂው መቁጠሪያውን በታማሚዋ አንገት ላይ አድርጎ «ማነህ? በምን ያዝካት?» ሲል፣ «ቡዳ ነኝ፤ ስትበላ አይቻት ነው፤ ተቃጠልኩ፣ እወጣለሁ!» የሚል ጩኸት እሰማ ነበር። የክሊንገንበርጎቹም ካህናት ስም ጠይቀዋል፤ በቴፕ የተቀዳው ድምፅ ግን ይሁዳ፣ የሮሙ ቄሣር ኔሮን፣ ሂትለር እያለ መለሰ እንጂ ቡዳ ነኝ አላለም። እኔ ወንጌል ስለ አጋንንት የሚናገረውን የማምን ክርስቲያን ነኝ፤ ሆኖም የሚጮኸው ድምፅ በየአገሩ የዚያው አገር ሰው የሚፈራውን ስም የሚጠራ ከሆነ፣ ጩኸቱን ብቻ ማስረጃ አድርጎ መቀበል አይገባም እላለሁ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1614 ያወጣችው የጸሎት ሥርዓት እንኳ ካህኑ ሰው በጋኔን ተይዟል ሲባል በቀላሉ እንዳያምን ያዛል።

እ.ኤ.አ. በ1978 የአሻፈንቡርግ ፍርድ ቤት የአኔሊዜን ወላጆችና ሁለቱን ካህናት በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ብሎ በእያንዳንዳቸው ላይ የስድስት ወር እስራት በገደብ ፈረደ። የጠየቃቸው ስለ እምነታቸው ሳይሆን ልጅቱ ዓይናቸው እያየ ስትከሳ ሐኪም ስላለመጥራታቸው ነበር።

የአክስቴ ልጅም ይኸው የሚጥል በሽታ አለበት። አንድ ጸበል ቦታ «እምነት ካለህ ኪኒኑን ተው» ተብሎ ተወ፤ በሳምንቱ ጥሎት ምድጃ ላይ ወደቀ፤ ቀኝ እጁ እስከ ዛሬ አይዘረጋም። ያን ምክር የሰጠውን ሰው ግን የጠየቀው የለም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒቱንም ጸበሉንም አብረው እንዲወስዱ እ.ኤ.አ. በ2007 መክረው ነበር፤ ለሚጥል በሽታና ለአእምሮ ሕሙማንም ይኸው ቃል በየጸበሉ በር ሊነገር፣ አጥማቂውም መንፈሱን «ማነህ?» ከማለቱ በፊት ታማሚውን «መድኃኒት ጀምረህ ነበር ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል።