ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩን ማን ያነሳል?

ሰሞኑን ለእንስሳት ሕክምና ተመራቂዎች በተዘጋጀ የኦንላይን ውይይት ላይ አንድ አንጋፋ ፕሮፌሰር የሰጡት ምክር እስካሁን ያንገበግበኛል። ለድኅረ ምረቃ ሥልጠና ቦታ ስትመርጡ የዩኒቨርሲቲዎችን የደረጃ ሰንጠረዥ ክፈቱ፣ ከላይ ወደ ታች ውረዱ፣ መጀመሪያ የተቀበላችሁ ጋ ግቡ አሉ። ስሙ በር ይከፍታል፣ ሌላው ዝርዝር ነው አሉ። ዝርዝር!

የቱን በር ነው የሚከፍተው? የስፔሻሊስትነት ማዕረግ የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲው አይደለም። ፈተናውን የሚያወጣው፣ ማዕረጉንም የሚሰጠው የየዘርፉ የስፔሻሊስቶች ኮሌጅ ነው፤ ኮሌጅ ስል ትምህርት ቤት ሳይሆን የባለሙያዎቹን ማኅበር ነው። ከገናናውም ከማይታወቀውም ቦታ የመጡት እኩል ለአንድ ፈተና ይቀመጣሉ። ያለፈ አለፈ፣ የወደቀ ወደቀ። ፕሮፌሰሩ ይሄን ሳያውቁት ቀርተው ነው ብዬ አላምንም።

ሰንጠረዡንም እንየው። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው፣ ኪውኤስ የተባለው ድርጅት የሚያወጣው የዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ በአብዛኛው የሚሠራው የምሁራንንና የቀጣሪዎችን አስተያየት ሰብስቦ፣ የታተሙ ጥናቶች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ቆጥሮ ነው። አንድ ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ሐኪም፣ በሳምንት ስንት ኬዝ እንደሚይዝ አይጠይቅም። ቀዶ ሕክምናውን ራሱ ይሥራ ወይስ ቆሞ ይመልከት፣ ግድ የለውም። ታዲያ በዚህ ነው ሦስት ዓመት የሚፈጅ ሬዚደንሲ የሚመረጠው?

ለእኔ ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስትደውሉ ማን ያነሳል? ጨጓራው ተነፍቶ የተጠማዘዘ ትልቅ ውሻ መጣ እንበል። ድዱ ገርጥቷል፣ ልቡ ይሮጣል። ፈሳሽ መስጠት፣ የታመቀውን አየር ማስወጣት፣ ቶሎ ወደ ቀዶ ሕክምና ማስገባት ያስፈልጋል። አጠገባችሁ የሚያውቅ ሰው ካለ በዚያች ሌሊት የምትማሩትን የትኛውም መጽሐፍ አያስተምራችሁም። ከሌለ ውሻው ይሞታል፣ እናንተም ፍርሃት ተምራችሁ ትወጣላችሁ። እኔ በኢንተርንነቴ፣ ከምረቃ በኋላ ከሬዚደንሲ በፊት ባለው ሥልጠና፣ ይሄን ቀምሼዋለሁ። የነበርኩበት ቦታ ስሙ ሲጠራ ሰው ዞር ብሎ ያያል። ማታ ማታ ግን በዚያ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ከእኔ የተሻለ ሐኪም አልነበረም። ስደውል ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይዘጋል። ጠዋት ላይ ለምን እንዲህ አላደረግሽም ብሎ የሚቆጣኝ ግን አይጠፋም ነበር። ያ ሥልጠና አይደለም፣ ጉልበት ብዝበዛ ነው።

የትምህርት ቤቱ እውቅናም ቢሆን ከዚህ አያድንም። የአሜሪካ የእንስሳት ሕክምና ማኅበር ትምህርት ቤቶችን መዝኖ እውቅና ይሰጣል። ለኢንተርንሺፕ ግን መመሪያ ከማውጣት አልፎ እውቅና አይሰጥም። በዚያ ላይ እዚያ አገር አብዛኛው ቦታ የሚያዘው በምደባ ነው። ምርጫችሁን በቅደም ተከተል ታስገባላችሁ፣ ውጤቱ ከወጣ በኋላ የደረሳችሁን መቀበል ግዴታ ነው። ስም እያየ የደረደረ ሰው ራሱን ምን ላይ እንደጣለ የሚያውቀው ከገባ በኋላ ነው።

ሬዚደንሲ ይሻላል፣ ኮሌጆቹ ፕሮግራሙን ያጸድቁታል። እሱም ቢሆን የቆመው በሰው ላይ ነው። የሚያሠለጥናችሁ ስፔሻሊስት ለተሻለ ደመወዝ ወደ ግል ሆስፒታል ቢሄድ የዩኒቨርሲቲው ስም በሩ ላይ እንደተሰቀለ ይቀራል፣ የእናንተ ሥልጠና ግን ይፈርሳል። ስለዚህ እዚያ ያሉትን ሬዚደንቶች አለቃቸው በሌለበት አነጋግሩ። ስንቱ ጀመሩ? ስንቱ ጨረሱ? ስንቱ ፈተናውን አለፉ? ማታ ማን አለ?

ለምርምር ፒኤችዲ የሚሄድ ሰው ስምን ቢያይ አልፈርድበትም። እዚያም ቢሆን ከስሙ በፊት አማካሪው ይታይ እላለሁ።

ፕሮፌሰሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ተናግረዋል። ማታ ብቻውን ስለሚቀር ሠልጣኝ አንድም ቃል አልሰማሁም። ስለሚታከመው እንስሳም አልሰማሁም።