ሐዘኑን ሳያነሱ ስለ አልበሙ ማውራት ይከብዳል

ስለ እንግሊዙ ባንድ ፌርፖርት ኮንቬንሽንና ስለ አልበሙ «ሊጅ ኤንድ ሊፍ» ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን አልበሙን «የድሮ የእንግሊዝ ዘፈን በኤሌክትሪክ ጊታር» ብሎ ማለፍ ያሳንሰዋል። አልበሙ ከሐዘን የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1969 የባንዱ አባላት ከበርሚንግሃም የሙዚቃ ሥራ ሲመለሱ መኪናቸው ተገለበጠ። የ19 ዓመቱ ከበሮ መቺ ማርቲን ላምብል በአደጋው ሕይወቱ አለፈ። ባንዱ ሊበተን ምንም አልቀረውም ነበር። በኋላ ሃምፕሻየር ገጠር ቤት ተከራይተው አብረው መኖርና መለማመድ ጀመሩ። ዴቭ ማታክስ ከበሮውን ያዘ፤ ቫዮሊኒስቱ ዴቭ ስዋርብሪክም ጠቅልሎ ገባ። ቤዝ ተጫዋቹ አሽሊ ሃቺንግስ ደግሞ ለንደን፣ የእንግሊዝ ባህላዊ ዘፈኖች ክምችት ባለበት ሴሲል ሻርፕ ሃውስ፣ የጥንት ዘፈኖችን ያገላብጥ ነበር።

ከአልበሙ «ማቲ ግሮቭስ» የሚለውን ዘፈን እስከ መጨረሻው ስሙት። ባል ሚስቱንና ውሽማዋን ሲገድል የባንዱ ድምፃዊት ሳንዲ ዴኒ አታለቅስም፣ አትጮህም። ረጋ ብላ ትተርካለች፤ ያ ነው አንጀት የሚበላው። ድምጿ ሲያበቃ የጊታሪስቱ የሪቻርድ ቶምሰን ጊታርና የስዋርብሪክ ቫዮሊን እየተቀባበሉ ይነጉዳሉ። ለእኔ ከአልበሙ ይሄን የሚያህል የለም።

የሚያሳዝነው፣ ሳንዲና አሽሊ አልበሙ ገና ሳይወጣ ባንዱን ለቀቁ። እባካችሁ አሽሊ ቀጥሎ ስላቋቋመው ባንድ፣ ስለ ስቲልአይ ስፓንም ጻፉልን።