ተስፋው ስንት ሜጋዋት ነው?

የምሥራቅ አፍሪካ ወጣት መሪዎች በተሰበሰቡ ቁጥር የሚያወጡት የአቋም መግለጫ አይለወጥም፤ ትስስር ይጠናከር፣ ድንበር ይከፈት፣ ወጣቱ የድርሻውን ይወጣ። ክፋት የለውም። ግን ማን፣ መቼ፣ ምን ያህል የሚል ነገር ስለሌለበት ከአዳራሹ ሳይወጣ ይቀራል።

በአካባቢያችን የሠመረ ትብብር ሲታይ ቁጥር አለበት። የኢትዮጵያና የኬንያ የኤሌክትሪክ መስመር ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ እስኪደርስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ የመሸከም አቅሙ 2,000 ሜጋዋት ነው። በ2022 ሽያጩ ሲጀመር ውሉ የታሰረው ግን በ200 ሜጋዋት፣ በኪሎዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው፤ ይህ ራሱ ጣጣ እንዳለው ወረድ ብሎ ይታያል።) ሻጭም ገዢም የሚችለውን ያህል ፈረመ፤ ሲጎድል መጠየቂያ አለ።

የሞያሌን የጋራ ኬላ ከዚህ ጎን እናስቀምጠው። በታኅሣሥ 2020 ነው የተመረቀው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ የጭነት መኪና ሁለት ቦታ መቆሙ ቀርቶ በሚገባበት አገር በኩል አንዴ ይቆማል፣ የመውጫውና የመግቢያው ሠራተኞች እዚያው አንድ ጣሪያ ሥር ጉዳዩን ይጨርሱለታል። ዛምቢያና ዚምባብዌ በ2009 ቺሩንዱ ላይ በዚህ መንገድ ቀናት ይፈጅ የነበረውን ወረፋ አሳጥረዋል። ሕንፃው ግን ቀላሉ ሥራ ነው። የአንዱ አገር ሠራተኛ በሌላው መሬት ላይ እንዲፈትሽና ዕቃ እንዲይዝ የሚያስችል ሕግ ያስፈልጋል። የሁለቱ ጉምሩክ ኮምፒውተሮች ካልተነጋገሩ ያው ዲክላራሲዮን ሁለቴ ይሞላል። የአንዱ በር ሲዘጋ የሌላው ክፍት ቢሆን ለሾፌሩ ምንም አይፈይድለትም።

ከዚያ ደግሞ ማንም በመግለጫ የማይጽፈው ጥቃቅኑ አለ። በኛ አቆጣጠር «እስከ 2018 ያገለግላል» የተባለ ወረቀት፣ ካሌንደራችንን ለማያውቅ ሰው ጊዜው ካለፈ ዓመታት የሆነው ይመስለዋል። ጳጉሜን 3 ቀን 03/13 ተብሎ ሲጻፍማ 12 ወር ብቻ የሚያውቅ ቅጽ አይቀበለውም። (በሰዓት ግን አንጣላም፤ በስዋሂሊም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ያው የኛው 2 ሰዓት ነው።) ኢትዮጵያ በቀኝ ትነዳለች፣ ኬንያ በግራ፤ መሪው በስተግራ የሆነ ከባድ መኪና ኬንያ ገብቶ ሌላውን ሲቀድም ሾፌሩ ከፊት የሚመጣውን የሚያየው ዘግይቶ ነው። በሁለት ቋንቋ የታተመ፣ ሁለቱንም ካሌንደር የያዘ አንድ ገጽ ቅጽ ማዘጋጀት የወጣቶች ማኅበር አቅም የማይችለው ነገር አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የከብቱ ነገር ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ የገባው፣ ስሙ ከግብሩ የማይገናኘው «ደስታ» የተባለ በሽታ ከብቱን ፈጅቶ ክፉ ቀንን አመጣ። ያ በሽታ ዛሬ የለም፤ በ2011 ከምድር መጥፋቱ ታውጇል። ኢትዮጵያ ውስጥ መጨረሻ የታየው በ1995 ሲሆን፣ አፋር ላይ ሥራውን የሠሩት ከአርብቶ አደሩ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ከታቢዎች ናቸው፤ የያዙትም ያለ ማቀዝቀዣ ሳምንታት የሚቆይ ክትባት ነበር። ጎረቤታሞች ተባብረው አንድን ችግር ከሥሩ ስለመንቀላቸው ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አላውቅም፤ ወጣቶቹ ሲጠቅሱት ግን አይሰማም።

አሁን ተራው የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ነው፤ ዓለም በ2030 ሊያጠፋው አቅዷል። አንድ ጊዜ የተከተበች ፍየል ቢያንስ ለሦስት ዓመት ትጠበቃለች። ችግሩ መንጋው ቶሎ ይለወጣል፤ ከዘመቻው በኋላ የተወለዱት ግልገሎች ያልተከተቡ ናቸው። ከድንበሩ ወዲህ ያለው በጥቅምት ተከትቦ ወዲያ ያለው በመጋቢት ቢከተብ፣ ዝናብ ተከትሎ የሚሻገረው መንጋ በሽታውን ይዞ ይመላለሳል። ዱቄት ሆኖ የሚመጣው ክትባት ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ካልተሰጠ ይበላሻል፤ ስለዚህ ፍየሎቹ በረት ገብተው፣ ሰውም ተዘጋጅቶ ሳይጠብቅ ጠርሙስ አይከፈትም።

የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የጋራ ድርጅት የሆነው ኢጋድ በ2020 የሰዎች ነፃ ዝውውርና የአርብቶ አደር እንቅስቃሴ ፕሮቶኮሎች ላይ በሚኒስትሮች ደረጃ ተስማምቷል። ጥሩ ነው፤ ፕሮቶኮል ግን ፍየል አይከትብም። በሁለቱም ሞያሌ ያሉ የወጣት ማኅበራትና የእንስሳት ሐኪሞች በሚቀጥለው ስብሰባ ሁለቱም ወገን የሚከትቡበትን አንድ ሳምንት ቆርጠው፣ የመንጋውን ብዛት በየቀበሌው ቆጥረው፣ የክትባቱን ማቀዝቀዣ ነዳጅ ማን እንደሚከፍል ጽፈው ቢነሡ ይበቃል። ሳምንቱ ሲጻፍ ግን በሁለቱም ካሌንደር ይሁን።