ፎቶ በበረካ

ደሴ ላይ በር ዘግቶ መሥራት የሚባል ነገር የለም። በሩ ከተዘጋ ወይ ታመዋል፣ ወይ ተኮራርፈዋል፣ ወይ ሥጋ እየተበላ ነው። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ሳያኖታይፕ፣ ማለትም በፀሐይ የሚታተም ሰማያዊ ፎቶ፣ ሊያትም የተነሳ ሰው ከኬሚካሉ በፊት ለጎረቤት የሚሰጠውን መልስ ያዘጋጅ።

ሥራው ራሱ ቀላል ነው። ጆን ሄርሼል የተባለ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1842 ያገኘው ዘዴ ነው። ፎቶውን የምታትመው ፀሐይ ናት። 25 ግራም ፈሪክ አሞኒየም ሲትሬት በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ይሟሟል። 10 ግራም ፖታሲየም ፈሪሳያናይድ ደግሞ በሌላ 100 ሚሊ ሊትር። ሁለቱን እኩል ደባልቆ ወረቀት ላይ በብሩሽ መቀባት ነው። ከዚያ መጋረጃ ተጋርዶ፣ ደብዛዛ አምፖል በርቶ ይደርቃል። በሩ የሚዘጋው ለዚህ ነው እንጂ ሥጋስ ከየት መጥቶ!

ግቢያችን ውስጥ አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ አለ። ዕቃ ሳይነካ አይወጣም። ጠርሙሱን አንስቶ ጽሑፉን አነበበና «ሳያናይድ!» ብሎ ጮኸ። ግቢው በአንድ እግሩ ቆመ። ጎረቤታችን እትዬ «ቢስሚላህ!» ብለው ሻሻቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል አደረጉ። ውስጡ ያለው ብረት ሳያናይዱን አጥብቆ ስለያዘው እንደ ስሙ አይደለም፣ ኃይለኛ አሲድ አይንካው፣ እሳት ላይ አይጣድ እንጂ፣ እያልኩ አስረዳሁ። ጓንት እንደማደርግ፣ ዕቃውንም ከወጥ ቤት እንደለየሁ ማልኩ። ማን ሰምቶኝ! ለስንት ቀን ከኔ እጅ ስኒ የሚቀበል ጠፋ።

የመጀመሪያዋ ሕትመት የጤና አዳም ቅርንጫፍ ነበረች። ለዚህ ነጌቲቭም (ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር የሆነበት ፎቶ) አያስፈልግም። ቅርንጫፉ ወረቀቱ ላይ ይጋደማል፣ መስታወት ይጫነዋል፣ ፀሐይ ላይ ይወጣል። አና አትኪንስ የተባለች እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. ከ1843 ጀምራ የባሕር አረሞችን በዚህ መንገድ እያተመች መጽሐፍ አድርጋቸዋለች። እሷን ግን «ለቡና የተቀመጠ ጤና አዳም ነበር እኮ!» ብሎ የተቆጣት ጎረቤት አልነበረም።

ፀሐይዋን ደግሞ የጦሳ ተራራ ነው የሚሰጥ፣ ጦሳ ነው የሚነሳ። ሰማዩ ጥርት ካለ ከሩብ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። ጉሙ ከተራራው ከወረደ ግን ከመጠበቅ ኮምቦልቻ ወርዶ መመለስ ይሻላል። ጉሙንስ ፈጣሪ ያመጣዋል እንበል። የሰው ደግነትስ? እኛ ዘንድ የተሰጣ ነገር የሁሉም ነው። ደመና ሲያንዣብብ ያየ ሰው ያንተን በርበሬ ከራሱ አስቀድሞ ያነሳልሃል። ወረቀቴም በደንብ ሳይመታ እየተነሳ፣ ከሽሮ እህል ጋር ተሸፍኖ ይጠብቀኛል። ምን ይባላል? «እግዜር ይስጥልኝ» ይባላል።

ጤና አዳሟ ውሃ ገብታ ፀሐይ ያልነካው ቢጫ ኬሚካል ሲታጠብ፣ ጥቃቅን ቅጠሎቿ እስከ ጫፋቸው ነጭ ሆነው ሰማያዊ መሐል ብቅ አሉ። ይህን ጊዜ እትዬ መርዙን ረሱት። «እኔንም አንሳኝ!»

የሰው ፎቶ ነጌቲቭ ይፈልጋል። ያውም ሕትመቱን የሚያክል፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ላይ የታተመ። በነጌቲቭ ላይ የቀላ ፊት ጠቁሮ ነው የሚታየው። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ አዘነልን። ሳንጠይቀው፣ ሂሳብም ሳይጨምር፣ የእትዬን ፊት በኮምፒዩተር አቅልቶ አመጣው። ነጌቲቭ ላይ የነጣው ሁሉ ወረቀቱ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። እትዬ ሕትመቱን አዩና ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ ነው የሚያስፈራው።

«ወላሂ፣ እኔ ነኝ ይቺ?»

«ይስተካከላል እትዬ፣ አብሽሩ።»

ነጌቲቩ እንደገና ተሠራ። ሁለተኛው ሕትመት እሳቸውን መሰለ። ሰማያዊው ግን አልተዋጠላቸውም። ስልክ ፊትን ሸክላ አስመስሎ በሚያለሰልስበት ዘመን፣ ሰው በምን ዕዳው ሰማያዊ ይሆናል? «ብርድ የመታው አስመሰልከኝ። ቀለም መቀየር አይችልም?» ይችላል። በልብስ ማጠቢያ ሶዳ ውሃ ሰማያዊው ይለቅና ፈዛዛ ቢጫ ይቀራል። ያንን አጥቦ ወፍራም ሻይ ወይም ቡና ውስጥ መንከር ነው። ውስጡ ያለው ታኒን ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ወደ ቡናማ ይወስደዋል።

ቡና የሚለውን ቃል ሲሰሙ የግቢው ሴቶች ተያዩ። ቡናው በዚህ ዋጋ ለወረቀት ይፈላል? ረከቦቱ ዙሪያ ሸንጎ ተቀመጠ። አቦል የታላላቆች ነው፣ አይነካም። ቶና ላይ ትንሽ ክርክር ነበር፣ ወደቀ። ለፎቶው በረካ ተፈረደለት፤ ያውም ከልጆቹ የተረፈው።

በረካ ቀጭን ነው። ፎቶው ሳህን ላይ ተጋድሞ አደረ። ወረቀቱ ራሱ ጠይም ሆነ፤ ሰማያዊ የነበረው ሁሉ ጠቆር ያለ ቡናማ ሆኖ ወጣ። እትዬ ከመስኮቱ አስጠግተው አዩት፣ አሽተቱት፣ ከዚያ ፈገግ አሉ። «እናቴን መሰልኩ» ብለው በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ።

ወሬው ማግስቱን ከላይኛው ግቢ ደረሰ። እዚያ ያሉት እማማ የእትዬ ባላንጣ ናቸው፤ በዕቁብ ዕጣ የተነሳ ድሮ ተቀያይመዋል። ፎቷቸውን ይዘው መጡና ሳይቀመጡ ተናገሩ።

«የሷ በበረካ ነው አሉ። የኔ በአቦል ይሁን።»

«ቡናውስ ከየት ይምጣ እማማ?»

«እንዴ! ለሷ የፈላው አንተ ቤት አይደል?»