የለውዙ ወረቀት

ነሐሴ 2016 ድሬ ነበርኩ። ከከዚራ ሰፈር የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ መጋላ ሰፈር ገባሁና የባቢሌ ለውዝ ገዛሁ። ሻጯ እንደ ድሮው በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። በልቼ ስጨርስ ወረቀቱን ዘረጋሁት። የሒሳብ አያያዝ ፈተና ነው። በቀይ እስክሪብቶ 17 ከ20 ይላል። ከላይ የተማርኩበት ኮሌጅ ስም አለ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሻጯ «ምነው የኔ እህት፣ ድንጋይ ገባበት እንዴ?» አለችኝ።

ለምን እንዳመመኝ ልንገራችሁ። የምኖረው አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ነው። አባቴ ደግሞ የአለማያ ልጅ ነው፤ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ገና ትንሽ የእርሻ ኮሌጅ ሳለ በ1950ዎቹ የተማረ። ያንን ኮሌጅ ያቋቋሙልን የኦክላሆማ ሰዎች ናቸው። ከጃንሆይ ጋር ነገሩን የጀመረው የዩኒቨርሲቲያቸው ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት ታህሳስ 1944 ቴህራን አጠገብ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ውሉ የተፈረመው እሱ ካለፈ በኋላ፣ ግንቦት ላይ ነው። ጃንሆይ በ1946 ዩኒቨርሲቲው ያለበት ስቲልዋተር ከተማ ድረስ ሄደው ጎበኟቸው። አለማያ ጥር 1950 ተመረቀ። ፈረንጆቹ እስከ 1960 አብረው ቆዩ። ማስተማር፣ ምርምርና ገበሬውን መርዳት በአንድ ግቢ እንዲሆን ያደረጉት እነሱ ናቸው። ከዚያ ግቢ እነ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ወጡ፤ በማሽላና በአቀንጭራ ሥራቸው በ2001 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት።

አንድ ቀን ስቲልዋተር ሄጄ የአባቴን ዘመን ፎቶ ለማየት ጠየቅሁ። የቤተ መጻሕፍቱ ልጅ እስክሪብቶዬን አስቀምጣ እርሳስ ሰጠችኝ። ቀለም እንዳይነካው ነው። ከዚያ ግራጫ ካርቶን አመጣች። ሕንፃ ያልቆመበት ባዶ ሜዳ አለ። ኮትና ክራባት ያደረጉ ተማሪዎች አሉ። ሐይቁ አለ። እኔ ካደግኩ በኋላ ያ ሐይቅ ደረቀ፤ ውሃው የተመለሰው በቅርብ ዓመታት ነው። ካርቶኑ ውስጥ ግን ሞልቶ አገኘሁት። ፎቶዎቹን ገልብጬ ሳይ ጀርባቸው ላይ ቦታውና ዓመቱ በእርሳስ ተጽፏል። አለቀስኩ። ልጅቷ ዝም ብላ ሶፍት አቀበለችኝ።

የኔ ኮሌጅ ስሙ ይቅር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከዚራ በኪራይ ቪላ የተከፈተ ነው። ሦስት ክፍል፣ የላስቲክ ወንበር፣ ጨርቅ የለበሱ ጥቂት ኮምፒውተሮች። ወበቁ ስለማያስቀምጥ አብዛኞቻችን ማታ ነበር የምንማረው። መብራት ሲጠፋ ግቢው ውስጥ ዛፍ ስር ተቀምጠን በሻማ እንቀጥላለን። ሥራ ውለው የሚመጡ ነጋዴዎች ነበሩ። ከባቡር የወረዱ፣ ጫማቸው አቧራ የለበሰ ልጆችም ነበሩ። በየዓመቱ አንድ ክፍል ተጨመረ፣ ከዚያ ፎቅ ተከራየን። የምረቃ ጋዋን እየተዋዋስን ፎቶ እንነሳ ነበር።

ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከተማዋን ሲመታ ከ200 በላይ ሰው ሞተብን። ኮሌጃችን ክፍሎቹን ቤታቸው ለፈረሰባቸው ከፈተ። እኛ ተማሪዎች ጭቃ እንዝቅ ነበር። ያን ሰሞን ፎቶ ተነስቶ የኮሌጁ አልበም ውስጥ ገብቷል። በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ኮሌጁ ሄድኩ። አሁን የራሱ ሕንፃ አለው፣ መስታወቱ ያብረቀርቃል። ሰው አክባሪ የሆነ ወጣት ተቀበለኝ። «አሮጌ ወረቀት ቦታ ስለያዘብን በኪሎ ተሸጠ» አለ።

«አልበሙስ?»

«አብሮ ሄዶ ይሆናል፣ እህቴ። ለማስረጃ ፈልገሽው ነበር?»

ልጁ ምን ያድርግ! እሱ ያኔ ሕፃን ነበር። የተናደድኩት በኋላ ነው፣ ባጃጅ ውስጥ። በኪሎ! የጎርፉ ፎቶ፣ የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች ስም ዝርዝር፣ ሁሉም በኪሎ! ገንዘብ ነው አትበሉኝ። ያ ሁሉ መስታወት የተገጠመበት ሕንፃ ለአንድ ቁምሳጥንና ለአንድ እርሳስ አያንስም። እኛም ሰው አላጣንም። ሐረር ውስጥ አብዱላሂ ሸሪፍ በግሉ ለቅሞ ያሰባሰባቸው የእጅ ጽሑፎችና ቅርሶች ዛሬ ሙዚየም ሆነዋል። እናቴም ብትሆን የአባቴን የአለማያ ፎቶ እስከዛሬ ሳጥን ውስጥ በነጭ ነጠላ ጠቅልላ ታስቀምጣለች።

በዚያ ቪላ የተማራችሁ፣ ማታ በሻማ ያነበባችሁ፣ የጎርፉን ሰሞን ፎቶ ያላችሁ ካላችሁ እባካችሁ አትጣሉት። ጀርባው ላይ ማን፣ የት፣ መቼ ብላችሁ ጻፉበት። ኮፒውንም ላኩልኝ።

የለውዙን ወረቀት ይዤው መጣሁ። ዘይት ጠጥቶ አንዱ ጥግ ያሳያል። 17 ያገኘው ልጅ ማን እንደሆነ አላወቅሁም፣ ስሙ ያለበት በኩል ተቀዷል። ጀርባውን አዙሬ በእርሳስ ጻፍኩበት፦ ድሬዳዋ፣ መጋላ፣ ነሐሴ 2016።