ከቤት ቁጥር ዜሮ የቀረበ ምስጋና

ባለፈው ሳምንት ወደ ስልኬ የገባው አጭር መልእክት እንዲህ ይላል፦ «ውድ ነል፣ ዕቃዎ ወደ ቤት ቁጥር 0 በአንዲፋይንድ ቀን ይደርሳል፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።» ይህ ነል የተባለ ሰው ማን እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ ከመካከላችን በሆነ መተግበሪያ ላይ ነል፣ ማለትም በኮምፒውተር አነጋገር «ምንም»፣ ሆኖ የማያውቅ የለምና። አንዲፋይንድ የተባለው ቀንም ያልተወሰነ ቀን ነው። ምስጋናው ግን ከነካኝ አይቀር መመለስ አለበት።

ስለዚህ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት፣ ከሰርቨር የሚመጣውን የጄሰን ጽሑፍ (ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበትን አጻጻፍ) ተቀብለው ወደ ፕሮግራማቸው ኦብጀክት (መረጃን በየስሙ ወደሚይዝ ጥቅል) የሚቀይሩትን፣ ኦብጀክቱን መልሰው ጄሰን አድርገው የሚልኩትን፣ በመካከሉም ምን እንደጠፋ ለመጠየቅ ጨዋነታቸው የማይፈቅድላቸውን ባለሙያዎቻችንን ለማመስገን ነው። ደጅ የቆመን መንገደኛ «ማነህ? ከየት ነህ? ምን ይዘሃል?» እያሉ ማፋጠጥ ካደግንበት ወግ ጋር አይሄድም። እነሱም የመጣው ጄሰን ቁጥር ይሁን ቃል፣ ሙሉ ይሁን ጎዶሎ፣ «ቤት ለእንግዳ» ብለው ያስገቡታል። ገብቶ ቤቱን ቢያፈርስ እንኳ በማግስቱ የሚወቀሰው ኔትወርክ ነው።

በጄሰን ማሳበብ እንደማይቻል እያወቁ ዝም ማለታቸውም ያስመሰግናቸዋል። ዳግላስ ክሮክፎርድ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስተዋወቀው ይህ አጻጻፍ የሚያውቀው ስድስት ዓይነት እሴት ብቻ ነው፤ እነሱም ስትሪንግ (በትእምርተ ጥቅስ የታሰረ ጽሑፍ)፣ ቁጥር፣ እውነት ወይም ሐሰት፣ ነል፣ ዝርዝር እና ኦብጀክት ናቸው። ቀን የሚባል ዓይነት የለውም፤ ገንዘብ የሚባል ዓይነት የለውም፤ የስልክ ቁጥርም አያውቅም። ይህንንም ከማንም አልደበቀም። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 8259 የተባለው መደበኛ ሰነድ 16 ገጽ ብቻ ነው፤ ጠዋት ከጣፎ መገናኛ የሚሄድ ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ተራው ሳይደርስ አንብቦ ይጨርሰዋል። የመጣው ጽሑፍ በተቀባዩ ፕሮግራም ውስጥ ምን ዓይነት ነገር እንደሚሆን የሚወስነው ተቀባዩ ራሱ ነው። የእኛ ተቀባዮች ግን ሰልፍ አይቆሙም መሰለኝ፤ አላነበቡትም።

ምሳሌ እንድሰጥ ከተፈቀደልኝ የቤት ቁጥርን እወስዳለሁ። ከአያት ወዲያ፣ አስፋልቱ አልቆ ባጃጅ አቧራውን እያቦነነ በሚገባባቸው ሰፈሮች የምንኖር ብዙዎቻችን፣ መታወቂያችን ላይ በቤት ቁጥር ትይዩ የተጻፈልን «አዲስ» የሚል ቃል ነው። ቁጥር እስኪወጣልን ድረስ ማለት ነው፤ በዚሁ «አዲስ» ልጆች ተወልደው፣ ተምረው፣ ተድረው ወጥተዋል። ሰው ሲመጣብን «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር» ብለን እንመራለን፤ እስካሁን ጠፍቶብን የቀረ እንግዳ የለም።

እንግዲህ አንድ የዕቃ ማድረሻ መተግበሪያ የሚሠራ ወጣት የቤት ቁጥር ኢንት (ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚይዝ ዓይነት) ነው ብሎ ወሰነ እንበል። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራውም ነል ብሎ ይመዘግበዋል። እሱ በሚኖርበት ሰፈር በር ላይ የተለጠፈችው ቆርቆሮ 412 ትላለች፤ ስለዚህ የሰው ልጅ ሁሉ ቆርቆሮ አለው። የመጀመሪያው የኛ ሰፈር ደንበኛ ሲመዘገብ ጄሰኑ «አዲስ» የሚለውን ስትሪንግ ይዞ ደረሰ። ወጣቱ የሚጽፈው ጎ በተባለው ቋንቋ ነበርና፣ ጎ ወጉን አላጓደለበትም፤ ይህን ስትሪንግ ኢንት ውስጥ ማስገባት አልቻልኩም የሚል ኤረር (የስሕተት መልእክት) በእጁ ሰጠው፤ ያንን ፊልድ (የመረጃ ሳጥን) ዘልሎም የቀረውን ኦብጀክት በሚችለው መጠን ሞልቶ ጨረሰ። የሙያው ታላቅነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ወጣቱ ኤረሩን፣ በጎ የማይፈለግ ነገር መጣያ በሆነው የግርጌ ሰረዝ ተቀብሎ፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ አለፈው። በጎ ደግሞ ያልተሞላ ኢንት ዜሮ ነው። ደንበኛው በቤት ቁጥር 0 ተመዘገበ።

ሁለተኛው ደንበኛ መጣ፤ እሱም ዜሮ ሆነ። በዚህን ጊዜ ዳታቤዙ፣ አንድ ቤት ሁለት ጊዜ አይመዘገብም የሚል ገደብ ነበረውና «ይህ ቤት አስቀድሞ ተመዝግቧል» ብሎ መለሰው። ወጣቱ ጥቂት አሰበና ገደቡን አነሣው። እሰየው! ስንቱ ባለሙያ የደከመበት የመሬት ጥበት በአንድ መስመር ተፈታ፤ ሰፈራችን ከነወፍጮ ቤቱ በአንድ ሌሊት አንድ ግቢ ውስጥ ገባ።

ዕቃ የሚያደርሰው ክፍል ደግሞ በቤት ቁጥር ፈልጎ መጀመሪያ ወዳገኘው ሰው ይልካል። መጀመሪያ የተመዘገቡት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሳምንት ሳይሞላ በረንዳቸው ላይ የሕፃን ዳይፐር፣ የሙሽራ ቬሎ፣ ሁለት የመኪና ጎማ እና ባለቤቱ ያልታወቀ የእንጀራ ምጣድ ተከመረ። መምህሩ የሰው ንብረት ነው ብለው በደብተር እየመዘገቡ ያስረክቡ ጀመር፤ በደብተራቸውም ላይ ለስም አንድ፣ ለቤቱ ምልክት አንድ፣ «አልተነገረኝም» ለሚለውም ለብቻው አንድ ዓምድ አሰመሩ። በአገልግሎቱ ውስጥ ዓይነትን ከዓይነት ለይተው ያስቀመጡት ብቸኛው ሰው እኒህ ጡረተኛ ሆኑ፤ ደመወዝ ግን የላቸውም።

ቅሬታው ሲበዛ ሁለተኛው ስሪት ወጣ። ወጣቱ ኢንቱን ወደ ስትሪንግ ቀየረው፤ ማንንም ሳይነግር ቀየረው። ቀድሞ የተከማቹት ዜሮዎች ዳታቤዝ ውስጥ አሉ፤ ስልክ ላይ ያለው መተግበሪያ ገና ቁጥር ይጠብቃል፤ አዲሱ ሰርቨር ስትሪንግ ይልካል። በዚህ የተነሣ የአንድ ሰው ቤት አንዳንዴ 0፣ አንዳንዴ በትእምርተ ጥቅስ የታሰረ «0»፣ አንዳንዴ «አዲስ»፣ አንዳንዴ ነል፣ አንዳንዴ ባዶ ስትሪንግ ሆኖ ይመጣል፤ ሲያሻው ደግሞ ፊልዱ ከነስሙ ይቀራል። የመምህሩ በር ግን አሁንም ሰማያዊ ነው። ቆርቆሮ ያላቸው ጎረቤቶች እንኳ አልተረፉም፤ ቁጥራቸው ስትሪንግ ሆኖ በፊደል ተራ ስለተደረደረ 10 ከ9 ቀድሞ ተገኘ፤ ባለሞተሩም መንገዱን በዚያው ቅደም ተከተል ሲመላለስ ዋለ።

የስክሪኑን ሥራ የያዘው ባልደረባ በታይፕስክሪፕት የሚጽፍ የተራቀቀ ሰው ነው። በዚያ ቋንቋ ጄሰንን የሚያነበው ፈንክሽን የሚመልሰው ኤኒ የተባለውን፣ ሁሉንም ነኝ የሚለውን ዓይነት ነው። ባልደረባችን ከጎኑ «አዝ» የምትል ቃል አስከትሎ «ይህ ደንበኛ ነው» ብሎ ያውጃል፤ ኮምፓይለሩም (ኮዱን መርምሮ የሚቀይረው ፕሮግራም) ቃሉን አምኖ ያልፋል፤ ኮዱ ወደ ጃቫስክሪፕት ሲቀየር ደግሞ ዓይነቶቹ በሙሉ ይሰረዛሉና፣ ፕሮግራሙ በሚሠራበት ሰዓት የመጣው ነገር በእርግጥ ደንበኛ መሆኑን የሚመለከት አንድም መስመር አይገኝም። ላም አለኝ በሰማይ! ወተቷ ሲፈለግ፣ ከዚያ ቦታ ብዙ ፋይሎች ርቆ፣ የክፍያው ገጽ ላይ አንድ ነገር ይፈነዳል፤ ባልደረባችንም የክፍያውን ገጽ ሲመረምር ያድራል።

በመጨረሻ የመጣው ፓይተን በተባለው ቋንቋ የሚጽፈው ባለሙያ ነው። የፓይተን መደበኛ የጄሰን ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮድ)፣ በግልጽ ካልተነገረው በቀር፣ እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል ስድስት ምልክት ባለው የዩኒኮድ ኮድ ይጽፈዋል። ተቀባዩ በአግባቡ ፓርስ ካደረገው (ተንትኖ ካነበበው) ተመልሶ ፊደል ይሆናል፤ ምንም ችግር የለውም። ባለሙያችን ግን ፓርስ ማድረግን ቅንጦት አድርጎ ቆጥሮ ጥሬውን ጽሑፍ 10 ምልክት ብቻ በሚይዝ ዓምድ ውስጥ ከተተው። «አዲስ» 18 ምልክት ሆኖ መጥቶ ነበርና «አ» ሙሉውን ገባ፤ «ዲ» ከስድስቱ አራቱን ይዞ ገባ፤ «ስ» ደጅ ቀረ። አሁን ቤቴ ለሁለት ፊደል ሢሶ ጉዳይ ላይ ነው። ምሳሌው እንደረዘመ አውቃለሁ፤ በአንድ ቤት ቁጥር ስንት ሺህ ሰው ሲኖር ታሪኩ እንዴት ሊያጥር ይችላል?

አሁን ሽሙጡን ለጥቂት መስመር ላቁመው። ሁለት ታክሲ ቀይረው የመጡ እናት ከአንድ የዕደላ መስኮት ሥር ቆመው አይቻለሁ። «እማማ፣ የቤት ቁጥርዎን በቁጥር ይንገሩኝ» አለቻቸው ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ልጅ። «ልጄ፣ መታወቂያው ላይ ያለው ይኸው ነው፤ አዲስ ይላል» አሉ። ሳጥኑ ፊደል አልቀበል ስላለ ልጅቱ 0 አስገባች። «እማማ፣ በዚህ ቤት ተወስዷል ይላል እኮ።» እናትየው ያልወሰዱትን ወስደዋል ተብለው፣ የሰልፈኛው ዓይን እየገረፋቸው ወጡ። ይህን ያደረሰባቸው ልጅቱ አይደለችም። ይህን ያደረሰባቸው፣ አንድ ፊልድ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል ብሎ ለመጻፍ የሰነፈ ሰው ነው፤ መጻፊያውም ረስት በተባለው ቋንቋ ኦፕሽን የሚባል አንድ ቃል፣ በታይፕስክሪፕት አንድ የጥያቄ ምልክት፣ በጎ አንድ የፖይንተር ኮከብ ነው። የመጣውን ጄሰን በሩ ላይ ፈትሾ የተበላሸውን ከነምክንያቱ የሚመልስ ላይብረሪ ለብዙ ቋንቋ በነፃ አለ፤ ዞድም ፓይዳንቲክም ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። «አልተነገረኝም» እና «ዜሮ ነው» የተለያዩ መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው፣ ሳይነገረው ዜሮ ብሎ ሲጽፍ ዋሽቷል። በሰው ስም ዋሽቷል፤ ደመወዝም ተከፍሎታል።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። በቀን ጉዳይ ላሳዩት ድፍረት በእጥፍ ይገባቸዋል። ጄሰን የቀን ዓይነት ስለሌለው ቀን በስትሪንግ ይጓዛል፤ ስትሪንግ ደግሞ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልጻፉበት አይናገርም። ጳጉሜ 3 ቀን የተወለደ ልጅ ዕድለኛ ነው፤ 13ኛ ወር አይቶ የማያውቀው የቀን አንባቢ ኤረር ሰጥቶ ይመልሰዋል፤ ቢያንስ ሰው ያየዋል። የሚያሳዝነው መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. የተወለደው ነው። የተወለደው በሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ሆኖ ሳለ፣ 2017-01-01 ተብሎ ሲጻፍለት ፕሮግራሙ ያለ አንዲት ጥያቄ የጃንዋሪ ልጅ ያደርገዋል። ሕፃኑ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ተጨምሮለት፣ ከክትባት ዝርዝር ወጥቶ በቀጥታ አንደኛ ክፍል ይገባል። የትምህርት ሽፋንን በዚህ ፍጥነት ያሳደገ ሌላ ሙያ አላውቅም።

የስልክ ቁጥሩን በአጭሩ ልለፈው። በጄሰን ሰዋስው ከአንድ አሃዝ በላይ የሆነ ሙሉ ቁጥር በዜሮ ሊጀምር አይችልም፤ የኛ ሞባይል ደግሞ በ09 ወይም በ07 ይጀምራል። ስትሪንግ አድርጎ መላክ ለደካሞች ነው ያለው ባለሙያ ዜሮዋን ቆርጦ ይጥላታል፤ የሚቀጥለው ባለሙያ አዝኖላት ይመልሳታል፤ ሦስተኛው ቀድሞም ነበረች ብሎ ይደግማታል። ረጅም መለያ ቁጥር ያለው ደንበኛም የራሱ በረከት አለው፤ 9,007,199,254,740,993 የሚለውን ቁጥር ጃቫስክሪፕት ካነበበው መጨረሻው 3 መሆኑ ቀርቶ 2 ይሆናል። ደንበኛው ማታ ራሱን ሆኖ ተኝቶ ጠዋት ጎረቤቱን ሆኖ ይነሣል፤ የጎረቤቱን ዕቃም ይረከባል።

የሰሞኑ ግኝት ግን ሁሉንም ያስንቃል። አንድ ናሙና ጄሰን ሲሰጣቸው ሙሉውን ክላስ (የኦብጀክቱን ንድፍ) ጽፈው የሚያወጡ መሣሪያዎች አሉ። መሣሪያዎቹ ያዩትን ይጽፋሉ፤ ያላዩትን ከየት ያምጡት? ችግሩ ናሙናው ነው። ናሙና ተብሎ የሚሰጠው ሁልጊዜ የአለቃው የራሱ መዝገብ ነው፤ የቤት ቁጥሩ በቆርቆሮው ላይ እንዳለው ቁጥር፣ ያልተከፈለ ዕዳው በዚያ ቀን ነል። ክላሱም በዚያው መልክ ወጣ፦ የቤት ቁጥር ኢንት፣ ዕዳ ለዘለዓለም ነል። ማንም አላነበበውም። ለአለቃው በአለቃው መዝገብ ተሞክሮ ታየ፤ ሠራ፤ ተጨበጨበ። ከዚያ ወዲህ ዕዳው በብር የተጻፈ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ኦብጀክቱ አልሞላ እያለ፣ ኤረሩም እንደ ደንቡ ሆድ ይፍጀው እየተባለ፣ መዝገቡ ሳይገባ ይቀራል። በዓመቱ መጨረሻ የቀረበው ሪፖርት ዕዳ ያለበት ደንበኛ አንድም አለመገኘቱን አብስሮ፣ ቡድኑን በዕዳ አሰባሰብ ለላቀ አፈጻጸም ዋንጫ አጭቶታል።